የቋራው ካሣ በመድረክ ላይ

መተማ ዮሐንስ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ሰሊጥ የጫነ መኪና፣ በመኸር ወራት ከደጋው እየጎረፈ የሚወርደው ሳሉግ የሚባል የቀን ሠራተኛ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው ገላባትና የቆላው ሙቀት ነው። የሙዚቃ ተውኔት ፍቅር ያለበት ሰው ግን ይህን አገር በሌላ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም። የአዲስ አበባ መድረክ ደጋግሞ ያነገሠው ጀግና የዚሁ ቆላ ልጅ ነዋ! ከመተማ በስተደቡብ የሚገኘው ቋራ ያበቀለው።

ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ሻርጌ በተባለ ስፍራ እንደተወለደ ይነገራል። የሸፈተው፣ ተከታይ ያፈራውና ክፉኛ የተመታውም በዚሁ ቆላ ነው። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ መድፍ ሰዉን ፈጀበት፤ እሱም ቆሰለ። ቁስሉን የሚያክመው ሐኪም ፍሪዳና ብር ቢጠይቅ፣ የሚስቱ አያት እቴጌ መነን የላኩለት አንድ ታፋ ሥጋ ብቻ ነበር ይባላል። ንቀቱን ከቁስሉ ይልቅ አጥብቃ የተሰማት ሚስቱ ተዋበች እንደነበረችም ይተረካል። ይህን ትዕይንት ያገኘ ጸሐፊ ምን ይጨምርበታል?

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጉር አምባው አዝማሪ ታሪክ ነው።

ኅዳር 1845 ዓ.ም. ነው። የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ካሣን ሊወጉ ጉር አምባ ላይ ሰፍረዋል። በሰፈሩ የነበረ አንድ አዝማሪ መሰንቆውን እየገዘገዘ ካሣን ሲያዋርድ፣ ጌታውን ሲያሞግስ፣ ሠራዊቱም ሲስቅ ቆየ። ጦርነቱ ሲያበቃ ጎሹ ሞተዋል፤ አዝማሪው ተማርኳል። ካሣ ፊት ቀርቦ ስለ ስድቡ ሲጠየቅ ምሕረት አልለመነም፤ በገዛ ምላሱ ላይ በግጥም ፈረደ። ፍርዱ ተፈጸመበት፤ ተደብድቦ ሞተ። ግጥሙ ግን ከሁሉም ተርፎ እስከ ዛሬ በቃል ይወርዳል።

የሙዚቃ ተውኔት አፍቃሪ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው በዚህ ነው፤ ዘፈኑ ሲነሣ ታሪኩ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ዘፈኑ ጌጥ ብቻ ነው። ጉር አምባ ላይ ግን ዘፈን ጠብ አነሣ፣ ዘፈን ፍርድ ሰጠ፣ ሰውም ገደለ። ፉከራና ቀረርቶም እንዲሁ ናቸው። ፎካሪው ግዳዩን ሲቆጥር የቆመው ለመዝናኛ አይደለም፤ ውለታውን እያስመዘገበ፣ ሹመቱን እየጠየቀ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ አዳራሽ እስኪገባ ጊዜ ወሰደ። በ1910ዎቹ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመኳንንቱ አሳዩ፤ እንስሳቱ እነማንን እንደሚመስሉ ተመልካቹ አላጣውም፤ ተውኔቱ ታገደ። በ1916 ዓ.ም. «አርባ ልጆች» ከተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ሙዚቀኞች ጋር ከኢየሩሳሌም የመጣው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በፊት «ጎንደሬው ገብረ ማርያም» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ሠራ። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው፤ ግጥሙን የጻፈለት የጎጃሙ ቅኔ አዋቂና ተውኔት ጸሐፊ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። ጠላት ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ።

የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው በ1940ዎቹ «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ድራማ ጻፉ። አባት በአውሬ ተረት የተከለከሉትን ልጅ በንጉሥ ታሪክ መጡበት ማለት ይቻላል። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በሙዚቃው በኩል ቤቱን ለዓመታት አገለገለ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቋራውን ሰው መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ኋላም በአማርኛ አነሣው። በዘመናችን ደግሞ ጌትነት እንየው በ«የቴዎድሮስ ራዕይ» ሙሉ ሙዚቃዊ ተውኔት አደረገው። ለካሣ የሚስማማው መንገድ ይኸኛው ይመስላል፤ ያለ ፉከራ የቆመ ቴዎድሮስ ግማሽ ሰው ነውና።

ከድንበሩ ማዶ ያለው ዓለም ግን ኢትዮጵያውያንን ቀድሞ አዝፍኗል። በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. የቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ባለታሪኳ ግብፅ ውስጥ ባሪያ የሆነች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ አባቷ ንጉሥ አሞናስሮ ተሸንፎ ይማረካል። ቬርዲ ራሱ ካይሮ ድረስ አልሄደም። ኦፔራውን ያሠራው ከዲቭ ኢስማኤል ግን መድረኩ ላይ ያየውን ድል በእውኑም ፈለገው መሰል፣ በ1868 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ጉንደትና ጉራ ላይ ድባቅ ተመታበት። ገላባትን ይዞ የነበረው የግብፅ ጦርም ኢትዮጵያ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተዋዋለችው የሂዌት ውል መሠረት በ1877 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ወጣ። ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ በ1992 ዓ.ም. ብሮድዌይ ላይ ባቀረቡት «አይዳ» ደግሞ ልዕልቲቱ ኑቢያዊት ሆነች። ለመተማ ሰው ይህ ያስቃል፤ ጥቂት ቀለም ቢፈስ ሴትዮዋ ድንበር ተሻግራ ሱዳን ገባች።

የመተማ የራሷ ታሪክስ? ከተማዋ በስማቸው የምትጠራውን ዐፄ ዮሐንስን መድረኩ የቴዎድሮስን ያህል አልደጋገማቸውም፤ ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል፤ ታሪኩ ግን አያንስም። ድርቡሽ፣ ማለትም የሱዳኑ የመሐዲ ተከታዮች ጦር፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጥሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሸዋው ምኒልክ ጋርም ተቃቅረዋል፤ መጀመሪያ በየትኛው በኩል መዝመት እንዳለባቸው መምረጥ ነበረባቸው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የድርቡሽን ቅጥር ሠራዊታቸው ጥሶ ሲገባ ጥይት መታቸው። መሪው ወደቀ ሲባል ድል የቀናው ጦር ወደ ኋላ አለ። ዮሐንስ ከመሞታቸው በፊት መንገሻ የገዛ ልጃቸው መሆኑን ገልጠው ወራሻቸው አደረጉት። ሬሳቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጓድ ድርቡሽ ደርሶበት አስከሬኑን ማረከ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ።

ሙዚቃዊ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ከዚህ ውስጥ የሚያጣው ነገር የለም። የሁለት ሠራዊት ነጋሪት አለው፤ በአንድ አፍታ ወደ ሙሾ የሚገለበጥ ፉከራ አለው፤ እስከዚያ ቀን የወንድም ልጅ ሲባል ኖሮ በሞት አፋፍ ላይ ካለ አባት «ልጄ ነህ» የሚባል መስፍን አለው። በተለይ ይህች የመጨረሻዋ ትዕይንት ለሁለት ድምፅ የተሠራች ናት፤ አንዱ እየደከመ የሚሄድ፣ ሌላው መልስ የሚያጣ።