መለያ ቃልና የአማርኛ ጦማር፦ ጽሑፍ የማያውቀውን አንባቢ እንዴት ያገኛል?

በኢንተርኔት የሚወጣ ጽሑፍ አንባቢ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ አንባቢ የጸሐፊውን ገጽ አስቀድሞ ያውቃል፤ አድራሻውን ይዞ ይመጣል። ሌላው ግን ጸሐፊውን አያውቀውም። የሚያውቀው የሚፈልገውን ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቃሉን በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ጽፎ ከቀረቡለት ገጾች አንዱን ይከፍታል። ጦማሪዎች አዲስ አንባቢ የሚያፈሩት በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ ይህ መንገድ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ምክንያቱ የአንባቢው ቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም። አንድ ድምፅ የሚሰጡ የተለያዩ ፊደላት፣ ከስም ጋር ተጣብቀው የሚጻፉ ቅጥያዎችና የውጭ ስሞች ወጥ ያልሆነ አጻጻፍ አንዱን ጉዳይ በብዙ ቦታ ይበትኑታል።

የጦማር ፍለጋ የተወለደው በአመዛኙ በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ ነዋሪዎቹ ቤይ ኤሪያ በሚሉት አካባቢ ነው። የኮምፒውተር ሙያ የሌለው ሰው ጽሑፉን በቀላሉ እንዲያወጣ ያስቻለውን ብሎገር የተባለ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 የከፈተው ፓይራ ላብስ የተሰኘ አነስተኛ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነበር፤ በየካቲት 2003 ጉግል ገዛው። ጦማሮች እየበዙ ሲሄዱ ግን አዲስ ችግር ተፈጠረ። የዚያ ዘመን የፍለጋ ሞተሮች አንድን ገጽ ተመልሰው የሚጎበኙት ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነበር። ጦማር ደግሞ የዕለቱን ነገር የሚናገር ነውና ጽሑፉ በፍለጋ ውስጥ ብቅ ሲል ወሬው በርዶ ይቆያል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ዴቭ ሲፍሪ በ2002 መጨረሻ ቴክኖራቲ የተባለውን የጦማር መፈለጊያ በሳን ፍራንሲስኮ መሠረተ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ጦማሪው አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር የሚጠቀምበት ሶፍትዌር “ፒንግ” የሚባል አጭር መልእክት ወደ ፍለጋ አገልግሎቱ ይልካል፤ በር አንኳኩቶ “አዲስ ነገር አለ” እንደማለት ነው። አገልግሎቱም ወዲያውኑ መጥቶ ጽሑፉን ይመዘግባል። ቀኖች ይወስድ የነበረው ነገር በደቂቃዎች ያልቃል። ሌሎችም በዚሁ አካባቢ ተከተሉ። ብሎግላይንስ የተባለውን የጦማር ማንበቢያና መፈለጊያ በ2005 የገዛው አስክ ጂቭስ፣ በኋላ ስሙ አስክ ዶት ኮም የሆነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን ኦክላንድ ውስጥ አድርጎ ነበር። ከሳን ሆዜ ብዙም በማይርቀው ማውንቴን ቪው የተቀመጠው ጉግልም በመስከረም 2005 የራሱን የጦማር ፍለጋ ከፈተ።

በጥር 2005 ቴክኖራቲ መለያ ቃላትን፣ በእንግሊዝኛ ስማቸው ታግ የሚባሉትን፣ ወደ ፍለጋው አስገባ። በቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን የሚመድበው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ምድቦቹም አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው። በመለያ ቃል ግን መዳቢው ራሱ ጸሐፊው ነው። ስለ ቡና የጻፈ ሰው “ቡና” ብሎ ይሰይማል፤ በዚያ ቃል ሥር በዓለም ዙሪያ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ገጽ ይሰበሰባል። ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቀው ጦማሪ ከታወቀው ጋዜጠኛ ጎን ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል። የመለያ ቃል ትልቁ ስጦታ ይህ ነበር። የሚያገለግለው ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ጸሐፊዎቹና ፈላጊው አንዱን ነገር በአንድ ፊደል የጻፉት እንደሆነ።

ቴክኖራቲ በሚያዝያ 2007 ባወጣው ዘገባ ወደ 70 ሚሊዮን የሚደርሱ ጦማሮችን እንደሚከታተል፣ በየቀኑም ወደ 120 ሺህ አዳዲስ እንደሚጨመሩ ገልጾ ነበር። ከጽሑፎቹ 37 በመቶው በጃፓንኛ፣ 36 በመቶው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ። ፋርስኛ ከአሥሩ ቀዳሚ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ብዙዎችን አስገርሟል። አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። ብሎገር የሚያስተናግዳቸው ጦማሮች ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበርና አገር ውስጥ ያለው አንባቢ ጽሑፉን ቢፈልገው እንኳ ሊከፍተው አይችልም።

የፊደሉም ጉዳይ ገና አልተስተካከለም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ሲሆን፣ ፊደላቱን፣ አኃዞቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ጨምሮ 345 ምልክቶች ተመዝግበዋል። ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ድርጅትም አድራሻው ለብዙ ዓመታት ማውንቴን ቪው ነበር። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ፣ በርካታ የአማርኛ ገጾች ይጻፉ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝን ቅርጽ በተኩ የፊደል ፕሮግራሞች ነው። ለሰው ዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ለፍለጋ ሞተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር። ጋዜጦችም ገጻቸውን እንደ ሥዕል አንሥተው ያወጡ ነበር፤ ከሥዕል ውስጥ የዚያ ጊዜ ሞተር አንዲት ቃል አያወጣም። በዚህ መልክ የወጡ ጽሑፎች በፍለጋ በቀላሉ አይገኙም፤ እንደገና ካልተጻፉ በቀር።

ዩኒኮድ ይህን ፈታ፤ ሌላውን ግን ገልጦ አሳየ። መለያ ቃል የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ነው። ለአንባቢ ጆሮ “ሀ”፣ “ሐ” እና “ኀ” አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ “መ” እና “ቀ” የተራራቁ ናቸው። “ፀሐይ” የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ (ፀ፣ ጸ)፣ ሁለተኛው በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት የተለያዩ መለያ ቃላት ይወጡታል። “ኃይለ ሥላሴ” ደግሞ የመጀመሪያው ፊደል ስድስት፣ የ“ሥ” ሁለት፣ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፉ ሁለት አማራጭ ሲኖረው 24 ይደርሳል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የጻፉ 24 ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በባዶ አዳራሽ ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ነው። ሥርወ ቃሉን ጠብቆ መጻፍ የሚገባ ነገር ቢሆንም የፈላጊው ጣት ብዙውን ጊዜ ወደ ቀረበለት ፊደል ነው የሚሄደው።

የቦታ ስሞች ይባስ ያስቸግራሉ። በቤይ ኤሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በኦክላንድ የቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በሳን ሆዜም እንዲሁ አሉ። ስለዚህ ሕይወት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከተማዋን “ሳን ሆዜ”፣ “ሳንሆዜ”፣ “ሳን ሆሴ” ወይም “ሳን ሖዜ” ሊላት ይችላል፤ አራቱም በመለያ ቃል ዓይን አራት ከተሞች ናቸው። የኦክላንድ ችግር ተቃራኒው ነው። የኒው ዚላንዷ ትልቋ ከተማ ስም በእንግሊዝኛ በሌላ ፊደል ቢጻፍም በአማርኛ ያችም “ኦክላንድ” ናት። በዚህ ስም ብቻ የተለየ ጽሑፍ የፓስፊክን ማዶ ለማዶ አንባቢዎች ያደባልቃል፤ “ካሊፎርኒያ” የሚል ሁለተኛ መለያ ሲጨመርበት ግን ይጠራል።

ቅጥያዎቹም አሉ። አማርኛ “በ”፣ “ለ”፣ “ከ” እና “የ”ን ከስም ጋር አጣብቆ ይጽፋል። ከአረፍተ ነገሩ ውስጥ “በኦክላንድ” የሚለውን ቀድቶ እንደ መለያ ያስቀመጠ ጸሐፊ፣ “ኦክላንድ” ብሎ የሚፈልገውን አንባቢ አጥቷል። የአማርኛ ፍለጋን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከማውጫ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስንና ቅጥያዎችን መለየትን እንደ መነሻ ሥራ ይቆጥሩታል። የጦማር መለያ ሥርዓቶች ግን የተሠሩት ለሌላ ቋንቋ በመሆኑ ይህን ኃላፊነት ለጸሐፊው ይተዉለታል።

ስለዚህ ጸሐፊው ራሱ አንድ አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ጽሑፎቹ መጽናት አለበት፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። መለያው ቅጥያ የሌለው ባዶ ስም ቢሆን፣ ጉዳዩ በርዕሱም ውስጥ በግልጽ ቢጠራ፣ ሌላው የታወቀ አጻጻፍ ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በተፈጥሯዊ መንገድ ቢገባ፣ ሁለቱንም ዓይነት ፈላጊ ያገኛል። ውጭ አገር ያደገው ትውልድ ብዙ ጊዜ የግዕዝ መተየቢያ ስለሌለው የአማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ ይፈልጋል፤ ዋናውን ስም በላቲንም መለያ ማድረግ ለእርሱ በር ይከፍትለታል። ሌላው እንቅፋት የማገናኛ አድራሻ ርዝመት ነው። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ስለሚቀየር አምስት ፊደል ያለው “ኢትዮጵያ” 45 ይሆናል። እንዲህ የረዘመ አድራሻ በኢሜይል ሲላክ ሊቆረጥ ይችላል፤ አጭር የላቲን አድራሻ መስጠት ይሻላል።

ብዙ መለያ መደርደር ግን አይረዳም። ከጽሑፉ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ተወዳጅ ቃላት የሚለጥፉ ሰዎችና ማስታወቂያ ለመሸጥ ብቻ የተፈበረኩ ሐሰተኛ ጦማሮች የመለያ ገጾችን ፈጥነው አቆሸሿቸው። ቀድሞም በገጽ ውስጥ ተደብቀው የሚጻፉ ቁልፍ ቃላት በዚሁ ምክንያት ዋጋ አጥተው ነበር፤ ጉግል በመስከረም 2009 ለድረ ገጽ ፍለጋ ደረጃ እንደማይጠቀምባቸው በይፋ አስታውቋል።

መለያ ቃል ከጦማር አልፎ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ የተሻገረው በነሐሴ 2007 ነው። ክሪስ መሲና በሳን ፍራንሲስኮው ትዊተር ላይ ከቃል በፊት የቁጥር ምልክት በማስቀመጥ ውይይቶችን መሰብሰብ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ፤ ትዊተርም በ2009 እነዚህን ሃሽታጎች ወደ ማገናኛነት ቀየራቸው። ለኢትዮጵያውያን የመለያ ቃል ጉልበት ጎልቶ የታየው በዚህ መልኩ ነበር። በ2012 የተመሠረተው የዞን ዘጠኝ ቡድን ስሙን የወሰደው ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነው፤ ወኅኒ ቤቱ ስምንት ዞኖች ሲኖሩት አባላቱ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ብለው ሰየሙት። መፈክራቸው “ስለሚያገባን እንጦምራለን” የሚል ነበር። በሚያዝያ 2014 ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ፣ እንዲፈቱ የሚጠይቀው ዘመቻ በዓለም ዙሪያ የተሰባሰበው “ፍሪ ዞን ናይን ብሎገርስ” በሚል አንድ ሃሽታግ ሥር ነበር። ጦማሪዎቹ በብዛት የጻፉት በአማርኛ ሲሆን ስማቸውን ዓለም ያገኘው ግን በላቲን ፊደል በተጻፈ፣ አንድ አጻጻፍ ብቻ ባለው መለያ ነው። ከታሳሪዎቹ አምስቱ በሐምሌ 2015 ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ፤ በጥቅምትም ፍርድ ቤት በቀሪዎቹ ላይ የቀረበውን የሽብር ክስ ውድቅ አደረገ።

የጦማር መፈለጊያዎቹ ራሳቸው ዕድሜ አልነበራቸውም። አስክ ዶት ኮም ብሎግላይንስን እንደሚዘጋ በ2010 አስታወቀ፤ ቴክኖራቲ በ2014 ጦማሮችን መመዝገብ አቆመ፤ የጉግል የጦማር ፍለጋም እንዲሁ ጠፋ። ተራ የፍለጋ ሞተሮች ጦማርን እንደ ማንኛውም ገጽ በፍጥነት መመዝገብ ስለቻሉ ለብቻው የሚፈልገው አልቀረም። በጦማሩ ውስጥ ያለው መለያ ግን ቀርቷል። በዎርድፕረስም ሆነ በብሎገር እያንዳንዱ መለያ ቃል በሥሩ ያሉትን ጽሑፎች የሚሰበስብ የራሱ ገጽ አለው። “ዓድዋ” ብሎ አንዴ፣ “አድዋ” ብሎ ሌላ ጊዜ የሰየመ ጦማሪ በገዛ ቤቱ ውስጥ ሁለት ግማሽ ስብስብ ይዟል፤ እነዚህን ወደ አንድ ለመመለስ የሚፈጀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።