የእንቅልፍ ኪኒንና ትዝታ

በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም በስደት ዓለም ሌሊት ሠርቶ ቀን እንቅልፍ የሚለምነው ወገናችን ብዙ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ስለ እንቅልፍ ኪኒን ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስንተኛ አንጎላችን ሥራ አይፈታም። የቀን ውሏችን መጀመሪያ የሚመዘገበው ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ነው። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ይኸው መዝገብ እየተደጋገመ ወደ ውጭኛው የአንጎል ክፍል ይተላለፋል። በኮምፒዩተር ቋንቋ፣ ጊዜያዊው ፋይል ወደ ቋሚው ይገለበጣል እንደ ማለት ነው።

ዞልፒደም (በንግድ ስሙ አምቢየን) እና ትሪያዞላም፣ ጋባ የተባለውን አንጎልን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር ኃይል ያጠናክራሉ። እንቅልፍ የሚያመጡት በዚህ መንገድ ነው፤ አዲስ ትዝታ እንዳይመዘገብ የሚያደርጉትም በዚሁ ነው። ስለዚህ ኪኒኑን ውጦ ሳይተኛ የቆየ ወይም ከመሀል የነቃ ሰው፣ ያወራውንና ያደረገውን በማግሥቱ ላያስታውስ ይችላል። በ1987 አሜሪካውያን ሐኪሞች በአውሮፕላን ጉዞ ትሪያዞላም በወሰዱ ሰዎች ላይ ይህንኑ አይተው «የመንገደኛ መርሳት» ብለውታል። ወደ አዲስ አበባ ለሚደረገው ረጅም በረራ ኪኒን የምትይዙ ልብ በሉ። ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል።

በሌላ በኩል፣ በካሊፎርኒያ ተካሂዶ በ2013 የታተመ ጥናት ዞልፒደም በእንቅልፍ ውስጥ የሚታዩትን አጫጭር የአንጎል ሞገዶች አብዝቶ፣ ጤነኛ ወጣቶች ያጠኗቸውን ቃላት በተሻለ እንዲያስታውሱ እንደረዳ አሳይቷል። በ2025 በአይጦች ላይ የወጣው ጥናት ግን ይኸው መድኃኒት በእንቅልፍ ጊዜ አንጎልን የሚያጥበውን ፈሳሽ ፍሰት እንደሚቀንስ አመልክቷል።

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ለሴቶች የሚታዘዘው የዞልፒደም መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም እንዲወርድ አድርጓል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ጠዋት መኪና ለመንዳት በሚያሰጋ መጠን በደም ውስጥ ይቀራል። በ2019 ደግሞ ተኝተው ስለሚሄዱና ስለሚነዱ ሰዎች ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

አብረውን ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆቻችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ዳይፈንሃይድራሚን (ቤናድሪል) ለእንቅልፍ ብለን አንስጥ፤ በዚያ ዕድሜ ሐሳብን ያምታታል፣ ትዝታንም ያዳክማል።

ኪኒን የለመደ ሰው በድንገት አያቁም፤ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳልና ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ቀስ በቀስ ይቀንስ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የመከረው ኪኒን ሳይሆን፣ የእንቅልፍ ልማድንና አስተሳሰብን በምክር የሚያስተካክል ሕክምና ነው። ሐኪማችሁን ጠይቁት።

ደኅና እደሩ።