የኦክስፎርድ ተማሪዎች ምሽት

የከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ስካርና ጠብ የዘመናችን ደዌ ነው፣ የቀድሞው ተማሪ ግን በንባብና በትሕትና ብቻ ተወስኖ ይኖር ነበር እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች የአውሮፓን ጥንታውያን ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ ለመግለጥ ዕድል ቢያገኙ፣ በውስጡ የነገረ መለኮትና የፍልስፍና ክርክር ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ የወይን ጠጅ ሒሳብ፣ የተሰበረ በር፣ የተፈነከተ ራስ፣ አልፎ አልፎም የፈሰሰ የሰው ደም ተመዝግቦ ባዩ ነበር። በ1229 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ምእመናን ወደ ዐቢይ ጾም ከመግባታቸው በፊት በሚፈነጥዙበት ሰሞን፣ ጥቂት የፓሪስ ተማሪዎች ሴን ማርሴል በተባለው የከተማ ዳርቻ ወይን ጠጅ ጠጥተው በሒሳቡ ከባለቤቱ ጋር ተጣሉ፤ ሰፈርተኛው ደብድቦ ቢያባርራቸው በማግሥቱ ዱላ የያዙ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ተመለሱና ቤቱን ሰባበሩት። ለአካለ መጠን ባልደረሰው ልጃቸው ፈንታ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ንግሥት ብላንሽ ቅጣት ቢያዙ፣ የከተማው ጭፍሮች በነገሩ ውስጥ ያልነበሩትን ተማሪዎች ሳይቀር ገደሉ፤ መምህራኑም ተቈጥተው ጉባኤያቸውን አጥፈው ሁለት ዓመት ያህል ተበተኑ፤ እስከ 1231 ድረስ፣ ማለት የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ ለዩኒቨርሲቲው ነጻነት የሚሰጥ ደብዳቤ እስኪጽፉ ድረስ፣ ነገሩ አልበረደም። የዚያን ጊዜ ከተበተኑት ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ እኔም የምተርከው ስለ እንግሊዙ ኦክስፎርድ ነው፤ የተማሪን ስካርና ጠብ ለመግታት የተደረገው ሙከራ እንደዚያ ከተማ ረጅምና ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነውና።

የዚያ ዘመን ተማሪ በሕግ ፊት ምን እንደ ነበረ ካልታወቀ የተፈጸመው ሁሉ እብደት ብቻ ይመስላል። ልጁ ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ከአባቱ ቤት ወጥቶ ይመጣል፤ ለቅስና ባይታሰብም እንኳ እንደ ካህን ይቈጠራል፤ ስለዚህ የከተማው ዳኛ ሊፈርድበት አይችልም፤ የሚዳኘው በዩኒቨርሲቲው አለቃ በቻንስለሩ ችሎት ነው። የሚያድረው ግን በገዳም ወይም በመምህሩ ቤት ሳይሆን ከከተማው ሰው በተከራየው ጓዳ ነበር። ኪራዩን የሚያስወድድበት፣ እንጀራውንና ጠላውን በጐደለ መስፈሪያ የሚሸጥለት የከተማ ነጋዴ በአንድ ወገን፣ ገንዘብ ያነሰው፣ ጩቤ የታጠቀ፣ ሕግ የማይደርስበት ጐረምሳ በሌላ ወገን ሆነው በአንዲት ጠባብ ከተማ ሲኖሩ፣ ወይን ጠጅ ሰበብ እንጂ ሥር አልነበረም። በ1209 አንድ ተማሪ ሴት ገደለ ተብሎ የከተማው ሰዎች ጓደኞቹን ይዘው በሰቀሉ ጊዜ መምህራኑና ተማሪዎቹ ከኦክስፎርድ ተሰደዱ፤ ከስደተኞቹም አንዳንዶቹ ካምብሪጅ ገብተው ስለ ቀሩ፣ ዛሬ ዓለም የሚያከብረው ያ ዩኒቨርሲቲ መነሻው የግድያ ወሬ መሆኑን ሰው ብዙም አያስታውሰውም።

የሁሉም የበላይ የሆነው ጥፋት የደረሰው በእኛ አገር ዐፄ ሰይፈ አርዕድ በነገሡበት ዘመን፣ በ1355 የካቲት 10 ቀን፣ ሮማውያን የቅዱስ ቤኔዲክቶስን እኅት ቅድስት ስኮላስቲካን በሚያከብሩበት ዕለት ነው። ጥቂት ተማሪዎች በከተማው መካከል፣ አራቱ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ፣ ስዊንድልስቶክ በተባለው ወይን ጠጅ ቤት ተቀምጠው ሲጠጡ፣ የቀረበላቸው ወይን የተበላሸ ነው ብለው አማረሩ፤ ሻጩም የእብሪት መልስ ሰጣቸው፤ እነርሱም ወይኑን በፊቱ ላይ ደፍተው በመያዣው ራሱን መቱት። ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ የአንድ ቀን የቡና ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የአውሮፓ ሰው ያን ጊዜ ቡና አያውቅም እንጂ። ነገር ግን የሻጩ ወዳጆች የከተማውን የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ደወል አስደወሉ፤ ተማሪዎቹም በበኩላቸው የዩኒቨርሲቲውን የቅድስት ማርያምን ደወል አስደወሉ፤ ሕዝብን ለጸሎት ይጠሩ የነበሩ ሁለት ደወሎች በዚያ ቀን ሕዝቡን ለቀስትና ለዱላ ጠሩት። ቻንስለሩ ለማስታረቅ ቢወጡ ቀስት ተወረወረባቸው። በማግሥቱ ከየገጠሩ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ጥቁር ሰንደቅ አንሥቶ በምዕራቡ በር ገባ፤ ሦስት ቀን ሙሉም የተማሪዎቹ ማደሪያዎች ተሰበሩ፣ መጻሕፍት ተዘረፉ፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ሲነገር እንደ ቈየው ከተማሪዎቹ ወገን 63፣ ከከተማው ወገን 30 ያህል ሰዎች ሞቱ።

ፍርዱ የደረሰው በከተማው ላይ ነው። ንጉሡ ኤድዋርድ 3ኛ ለዩኒቨርሲቲው አደሉ፤ የከተማው ሹማምንት ታሰሩ፤ የሊንከኑ ጳጳስ ከተማውን ገዘቱት፤ በሰኔ ወር በተጻፈው የንጉሥ ደብዳቤም የእንጀራና የጠላ ዋጋ፣ የሚዛንና የመስፈሪያ ቍጥጥር ከከንቲባው ተወስዶ ለቻንስለሩ ተሰጠ። ከዚህም በላይ ከንቲባው፣ ሹማምንቱና ስልሳ የከተማው ባላባቶች በየዓመቱ በቅድስት ስኮላስቲካ ዕለት በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለሙታኑ ቅዳሴ አስቀድሰው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፔኒ መባ እንዲያገቡ ቀኖና ተቀበሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ወይን ጠጁን የደፋውን ልጅ አንዳች ነገር ያላስተማረ ፍርድ ነው። መስፈሪያው መስተካከሉ እውነተኛ ጥቅም ነበር፣ አንዱን የጠብ ምክንያት አስቀርቷልና፤ ነገር ግን የሰከረው ተማሪ ጥፋቱ ሁሉ የሻጩ እንደ ሆነ ተነግሮት ወደዚያው ወደ ጓዳው ተመለሰ።

ዩኒቨርሲቲው ዐይኑን ወደ ራሱ ልጆች እስኪመልስ ሰባ ዓመት የሚያህል ጊዜ አለፈ። በ1432 የወጣው ሥርዐት ሰው በዚህ ዘመን ከሌላው ቅጣት ሁሉ ይልቅ ገንዘቡን መነጠቅ ይፈራል በማለት ለእያንዳንዱ የጠብ ዓይነት ዋጋ ቈረጠ፤ ይህን ሥርዐት ያነበበ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፍም። በጓደኛው ላይ የዛተ 12 ፔኒ፣ በሥርዐቱ ላይ መሣሪያ ይዞ የተገኘ 2 ሺሊንግ፣ በትከሻው የገፋ ወይም በጡጫ የመታ 4 ሺሊንግ፣ በድንጋይ ወይም በዱላ የመታ 6 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ፣ በጩቤ ወይም በሰይፍ የመታ 10 ሺሊንግ ይከፍል ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ግንበኛ በቀን 6 ፔኒ፣ ማለት ግማሽ ሺሊንግ፣ ያህል ያገኝ ስለ ነበር፣ አንድ ጡጫ የስምንት ቀን የግንበኛ ሥራ ያወጣል ማለት ነው። ሀብታሙ ተማሪ ይህን የዋጋ ዝርዝር እንደ ገበያ እያየ በልኩ መምታት ይችል እንደ ነበር አያጠራጥርም። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ዐይኔን የሳበው የመጨረሻው ነው፦ ፍርድ እንዳይፈጸም የተቃወመና በሌሊት ሲዘዋወር የተገኘ 40 ሺሊንግ ይከፍል ነበር፤ ይህም በሰይፍ ለመታ ሰው ከተወሰነው አራት እጥፍ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ፍርደ ገምድልነት ይመስላል፤ ሕግ አውጪዎቹ ግን ጩቤውን የሚያስመዝዘው ሌሊቱ መሆኑን በሰባ ዓመት ልምድ ተረድተው ከፍሬው ይልቅ ሥሩን አስወደዱት። የነገሩ መፍቻ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ወጣቱ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ እኩለ ሌሊት የት እንደሚያመሽ ሳያውቅ የሚደነግግ ሕግ ሁሉ ከጥፋት በኋላ የሚደርስ ሕግ ነው።

በዚያው በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚታወቅ አለቃ ባለበት ማደሪያ እንዲኖር፣ በየሰው ጓዳ ተከራይቶ ቀን እየተኛ ሌሊት በየጠጅ ቤቱ የሚዞር እንዳይገኝ ታዘዘ። የዚህ ሥርዐት አብነት ግን አስቀድሞ ተተክሎ ነበር፤ የዊንቸስተሩ ጳጳስ ዊልያም ኦቭ ዊከም በ1379 ኒው ኮሌጅ የተባለውን ቤት ለሰባ ተማሪዎች ሲመሠርቱ፣ በግንብ የታጠረ፣ በአንድ በር ብቻ የሚገባበት፣ የጸሎት ቤቱ፣ የመብል አዳራሹና የመጻሕፍት ቤቱ በአንድ ግቢ የሚገኝ አድርገው ሠሩት። በየክፍሉ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ታላቅ እንዲያድርና ትምህርታቸውንና ጠባያቸውን እንዲመለከት አዘዙ፤ በጸሎት ቤት ድንጋይና ኳስ መወርወርን፣ በአዳራሹም መታገልንና መዝለልን ከለከሉ፤ ከክልከላው ዝርዝር እንደሚታየው ልጆቹ ይህን ሁሉ ያደርጉ ነበር። እኒህ ጳጳስ በክልከላ ብቻ አለመወሰናቸው ግን ከብዙ ሕግ አውጪዎች ለይቶ የሚያስመሰግናቸው ነው። በተራው ቀን ከእራት በኋላ ሁሉ ወዲያው ወደ ክፍሉ እንዲሄድ ቢያዙም፣ በክረምት በዓላት ማታ በአዳራሹ እሳት ይንደድ፣ ተማሪዎቹም በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠው ይዘምሩ፣ ግጥም ያንብቡ፣ የነገሥታትን ታሪክና የዓለምን ተአምራት ይጨዋወቱ ብለው በሥርዐታቸው አስጻፉ። በዓል ማለት ለተማሪ የስካርና የጠብ ቀን እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና፣ ያንኑ ቀን መርጠው በእሳትና በታሪክ ሞሉት። ይህ ከ1432ቱ የዋጋ ዝርዝር ይልቅ የላቀ ጥበብ ይመስለኛል።

ይህ ጥበብ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም፤ ዋጋውን የከፈለውም ድኻው ነው። በጓዳ ያድር የነበረው ሁሉ ወሮበላ አልነበረም፤ የማደሪያውን ክፍያ የማይችል፣ በማገልገልና በልመና የሚማር ብዙ ነበረ፤ የቆሎ ተማሪን ታሪክ የሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ትእዛዙ በወጣ ጊዜ አለቃ የሚቀበለው ያጣ ሁሉ ከሰካራሙ ጋር አንድ ሆኖ ተቈጠረ፤ በ1413 የወጣው የመንግሥት ሕግ ደግሞ የአየርላንድ ሰዎችን፣ ለማኝ ተማሪዎችንም ጭምር፣ ከእንግሊዝ አገር እንዲወጡ አዘዘ። ሰካራሙን ከድኻው፣ ጠበኛውን ከባዕዱ ሳይለይ የሚያባርር ሥርዐት ከተማውን ጸጥ ሊያደርግ ይችላል፤ ጻድቅ ግን ሊባል አይችልም።

ኮሌጆቹ ራሳቸውም ጠላ ጠማቂዎች መሆናቸውን ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩ ይጐድላል። በዚያ ዘመን ጠላ ከእንጀራ ጋር የሚቀርብ የዘወትር መጠጥ ስለ ነበር፣ ተማሪውን ከጠጅ ቤት ያራቀው ግንብ በውስጡ መጥመቂያ ቤት ነበረው፤ የኩዊንስ ኮሌጅ መጥመቂያ እስከ 1939 ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። ስለዚህ ኦክስፎርድ መጠጥን ከተማሪው ያራቀ ሳይሆን መጠጡን ከጠጅ ቤት አውጥቶ በታላላቆች ፊት፣ በማዕድ፣ በልክ እንዲሆን ያደረገ ነው ማለት ይገባል። የምሽቱን ወሰን የሚያስታውቀውም ደወል ነበር፤ በክራይስት ቸርች ኮሌጅ ያለው ታላቁ ደወል ቶም፣ ለጥንቶቹ 101 ተማሪዎች ቍጥር 101 ጊዜ ከማታው ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ሲደወል፣ የየኮሌጁ በር ይዘጋ ነበር። ከዚያ በኋላ በመንገድ የተገኘውን የሚይዙት ፕሮክተር የሚባሉት ሁለት የሥርዐት አስከባሪ መምህራንና ተማሪዎች ቡልዶግ ብለው የሚጠሯቸው የዩኒቨርሲቲው ፖሊሶች ነበሩ። ግንብ ዘልሎ መግባት እንደ ጀግንነት የሚቈጠር የተማሪ ልማድ ሆኖ መኖሩ ግን ደወሉ ሁሉን እንዳልገታ ያስረዳል።

የከተማው ቀኖና ከተጣለ በኋላ 470 ዓመት ቈይቶ በ1825 ተቋረጠ። በ1955 የካቲት 10 ቀን፣ ስድስት መቶኛው ዓመት ሲታሰብ፣ ዩኒቨርሲቲው ለከንቲባው የክብር ዲግሪ ሰጠ፤ ከተማውም የዩኒቨርሲቲውን ምክትል ቻንስለር የክብር ዜጋው አደረገ። የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ግን ከሕንፃዎቹ ዙሪያ እስከ አራት ማይል ድረስ ተማሪ ባልሆነው ዜጋ ላይ ሳይቀር የነበረውን ሥልጣን እንደ ያዘ ቈየ፤ የከተማውም ሰው ማጕረምረሙን አልተወም። በመጨረሻ ፖሊሶቹን እንደ መንግሥት ፖሊስ ለማሠልጠን የሚያስፈልገው ወጪ ከበደ ተብሎ ቡልዶጎቹ በ2003 ተሰናበቱ፤ ከዚያ ወዲህ በኦክስፎርድ መንገድ ላይ ሰክሮ የተጣላ ተማሪ የሚጠየቀው የከተማው ሰው በሚጠየቅበት በዚያው ሕግ ነው።