የዐይን ምስሪት ምርጫ፤ ከጎንደር የኬንትሮስ ልኬት እስከ ሳንጃ ሰማይ

አንድ መሣሪያ ምን ምን ተጓዳኝ ክፍሎች እንደሚያስፈልጉት የሚወስነው እንዲፈጽም የተፈለገው ተግባር እንጂ በገበያ ላይ የሚገኘው ዕቃ ብዛት አይደለም። ይህ አባባል ለመሐንዲሶች እንግዳ አይሆንም። ይሁንና በትርፍ ጊዜው ከዋክብትን ለመመልከት ቴሌስኮፕ የሚገዛ ሰው ይህን መርሕ ለመጠበቅ ይቸገራል፤ ምክንያቱም ቴሌስኮፑን ገዝቶ ሳያበቃ ሌላ ምርጫ ይደቀንበታል። ይኸውም የዐይን ምስሪት ምርጫ ነው። የዐይን ምስሪት ማለት በፊተኛው ምስሪት ወይም በመስተዋት የተሰበሰበውን ምስል አጉልቶ ለዐይን የሚያቀርብ፣ ከቱቦው ጫፍ እየተሰካና እየተነቀለ የሚለወጥ ትንሽ ክፍል ነው። ስንት ይበቃሉ? የማይታለፉትስ የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄው ሁልጊዜ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በጎንደርና በአካባቢዋ የአንድን ቦታ ኬንትሮስ ለማወቅ ሰማይን በቴሌስኮፕ ከማየት የተሻለ መንገድ ያልነበረበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን የተከናወነው ሥራ ለዛሬው መራጭ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ደቂቃ ዋጋ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በፌብሩዋሪ 1770፣ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ዘመን፣ የመንግሥቱ ሥልጣን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ በነበረበት ወቅት ነው። ብሩስ መጀመሪያ ያዘጋጃቸውን መሣሪያዎች በሊቢያ ጠረፍ በደረሰበት የመርከብ መሰበር አጥቶ ስለነበር፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ አንድ ትልቅ የማዕዘን መለኪያ ሰጥተውት ነበር። ይህ መለኪያ ክብደቱ እጅግ የበዛ ስለነበረ አራት አራት ሆነው የሚፈራረቁ ስምንት ሰዎች ይሸከሙት ነበር፤ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው በሚያወጣው የጣራንታ ተራራ ሲደርሱ ግን ተሸካሚዎቹ ጥቂት ከሞከሩ በኋላ ሥራውን ለመተው ተቃርበው ነበር።

ብሩስ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ የቦታውን አቀማመጥ ለካ። ኬክሮሱን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ፣ ኬንትሮሱን ደግሞ ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብሎ መዘገበ። ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ሲነጻጸር የኬክሮሱ ስሕተት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የኬንትሮሱ ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ሆኖ የለካቸው ሁለት ቁጥሮች ይህን ያህል የተራራቁበት ምክንያት መመርመር የሚገባው ነው።

ኬክሮስ የሚገኘው የፀሐይን ወይም የከዋክብትን ከፍታ በማዕዘን መለኪያ በመለካት ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በትክክል የተከፋፈለ ቅስትና የተረጋጋ ማቆሚያ እንጂ አጉልቶ የማሳየት ኃይል አይደለም። ኬንትሮስ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ የሰዓት ደቂቃ ከ15 የማዕዘን ደቂቃ ጋር ይስተካከላል፤ ይህም በጎንደር ኬክሮስ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የብሩስ የኬንትሮስ ስሕተት ከአንድ የሰዓት ደቂቃ እምብዛም የሚበልጥ አልነበረም።

ያ ደቂቃ የሚነበበው ከሰማይ ሰዓት ላይ ነበር። ጋሊሌዮ በጃንዋሪ 1610 ያገኛቸው የጁፒተር፣ በአገራችን የቆየ አጠራር የመሽተሪ፣ አራት ጨረቃዎች በየጊዜው ወደ ፈለኩ ጥላ እየገቡ ይሰወራሉ። ከሁሉም ለጁፒተር የምትቀርበው አዮ በ42 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ትዞራለች። የመሰወሯ ሰዓት አስቀድሞ ለአንድ የአውሮፓ ከተማ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይወጣ ስለነበር፣ መንገደኛው የመሰወሯን ቅጽበት በአካባቢው ሰዓት መዝግቦ ከሠንጠረዡ ጋር ያለውን ልዩነት ወደ ኬንትሮስ ይለውጠዋል።

ችግሩ አዮ እንደ መብራት በአንድ ጊዜ የምትጠፋ አለመሆኗ ነው። ሙሉ አካሏ ጥላው ውስጥ ለመግባት ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ብርሃኗ ቀስ በቀስ ይደክማል። «አሁን ጠፋች» የሚባለው ቅጽበት በቴሌስኮፑ ስፋት፣ በአየሩ ጥራትና በተመልካቹ ዐይን ይወሰናል። የዐይን ምስሪቱም የራሱ ድርሻ አለው። የማጉላት ኃይሉ ካነሰ አዮ በጁፒተር ነጸብራቅ ትዋጣለች፤ ከበዛ ደግሞ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ንፋስም ከእይታው ሜዳ ያስወጣዋል። ለብሩስ ስሕተት ሠንጠረዡም ሰዓቱም የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ስለሚችል ጥፋቱን በአንድ ክፍል ላይ መጣል አይገባም፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ምስሪት በካርታ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊያዛንፍ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ምስሪቱ ከየት ወዴት

በብሩስ ዘመን የነበረው መራጭ ሰፊ አማራጭ አልነበረውም። የጋሊሌዮ ቴሌስኮፕ የዐይን ምስሪት ጎድጓዳ ስለነበረ የእይታው ሜዳ እጅግ ጠባብ ነበር። ኬፕለር በ1611 በጎድጓዳው ፈንታ ጉብ ያለ ምስሪት እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። ሆላንዳዊው ሀይገንስ በ1660ዎቹ ሁለት ምስሪቶችን አራርቆ በማዋቀር የቀለም መበተንን ቀነሰ፤ ብሩስ ጎንደር በነበረበት ጊዜም በሰፊው ይሠራበት የነበረው ይኸው ዐይነት ነው። በለንደን የታወቀው የቴሌስኮፕ ሠሪ ጄምስ ሾርት ከአንድ ቴሌስኮፕ ጋር እስከ አራት የማጉላት ደረጃ ይሸጥ ስለነበር፣ «ስንት ያስፈልጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜም የነበረ መሆኑ ግልጽ ነው።

በ1780ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ራምስደን ያቀረበው የዐይን ምስሪት ለቅየሳ ሙያ ታላቅ እርምጃ ሆነ። የትኩረቱ ቦታ ከምስሪቶቹ ውጭ ስለሚውል የመስቀል ክር ከምስሉ ጋር በአንድ ደረጃ ለማስቀመጥ አመቸ። ጀርመናዊው ኬልነር በ1849፣ የቪየናው ፕሎስል በ1860፣ የየናው አቤ በ1880 እየተከታተሉ የምስሉን ጥራት አሻሻሉ። በ1980 ገደማ አሜሪካዊው ናግለር 82 ዲግሪ የሚያሳይ የዐይን ምስሪት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የመራጩ ችግር የምርጫ ማነስ መሆኑ ቀርቶ የምርጫ መብዛት ሆኗል።

ጥቂት መሣሪያ፣ ብዙ ሥራ

ከብሩስ 68 ዓመት በኋላ፣ በ1838፣ አንትዋን ዳባዲ በምጽዋ በኩል ጎንደር ገባ። የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ የማይስማሙ መሆናቸውን ሲረዳ በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ተመልሶ ሌሎችን ይዞ መጣ፤ እስከ 1848ም በኢትዮጵያ ቆየ። በመካከሉ በዐይን ሕመም ክፉኛ ተፈትኗል።

ዳባዲ የመረጠው መንገድ ከብሩስ የተለየ ነበር። እያንዳንዱን ቦታ በየብቻው ከሰማይ ለመለካት ከመሞከር ይልቅ፣ ከተራራ ወደ ተራራ እየተሻገረ ወደሚታዩት ጫፎች ማዕዘን በቴዎዶላይት አነሣ፤ ማዕዘኖቹንም እርስ በርስ አያያዘ። የሰማዩ ልኬት ለዚህ መረብ መነሻና ማረጋገጫ ሆኖ አገለገለ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ስምንት ሰው የሚሸከመው መሣሪያ አያስፈልግም። የመስቀል ክር ያለው አነስተኛ መነጽር፣ አንድ መጠነኛ የማጉላት ኃይል፣ በትክክል የተከፋፈለ ክብ ይበቃል። ውጤቱ ከ1860 እስከ 1873 በራዶ ረዳትነት ታትሞ የወጣው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ መጽሐፍና ካርታዎቹ ናቸው። በኋላም ዳባዲ «አባ» የተባለ ቀላል ቴዎዶላይት ነደፈ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በአንዳይ ባሠራው፣ የአማርኛ ጽሑፍ ጭምር በተቀረጸበት ግንብ ውስጥ ደግሞ በሰሜንና ደቡብ መስመር ብቻ የሚንቀሳቀስ ቴሌስኮፕ ተከለ፤ ሥራውም የከዋክብትን ማለፊያ ሰዓት መመዝገብ ብቻ ነበር። የከዋክብት ምርምሩ በዚያ ቤት እስከ 1975 ቀጥሏል።

ብሩስንና ዳባዲን አነጻጽሮ አንዱን ማወደስ፣ ሌላውን መንቀፍ ተገቢ አይሆንም። ሊያዝ የሚገባው ቁም ነገር ዳባዲ መሣሪያውን የመረጠው ሥራውን ከወሰነ በኋላ መሆኑ ነው።

የዛሬው መራጭ ስሌት

ዛሬ ኬንትሮስ ለማወቅ ወደ ጁፒተር የሚመለከት የለም። በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር በአስተባበረው ጥረት በእንጦጦ ተራራ የተተከሉት፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖችም ለምርምር የሚሠሩት በካሜራ ነው። ስለዚህ የዐይን ምስሪት ነገር ዛሬ በዋናነት ለወዳዱ፣ ማለትም በግቢው ሆኖ ሰማይን ለሚመለከተው ሰው ቀርቷል። የዚህም ሰው ስሌት ከሁለት ቀላል ቀመሮች አያልፍም።

አንደኛ፣ የማጉላት ኃይል የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት በዐይን ምስሪቱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። ሁለተኛ፣ ከዐይን ምስሪቱ የሚወጣው የብርሃን ዘንግ ስፋት የሚገኘው የቴሌስኮፑን የፊት ስፋት በማጉላት ኃይሉ በማካፈል ነው። ይህ ዘንግ ከዐይን ብሌን ከሰፋ ብርሃኑ ይባክናል፤ የወጣት ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሲከፈት የጎልማሳው ወደ 5 ይወርዳል። ዘንጉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ከጠበበ ደግሞ ምስሉ ይጨልማል፤ ይደበዝዛልም። ከዚህ የተነሣ የአንድ ቴሌስኮፕ የማጉላት ወሰን በሚሊ ሜትር የተለካው የፊት ስፋቱ እጥፍ ነው ተብሎ ይገመታል።

በዘመድ እጅ ከውጭ አገር የሚመጣውን የተለመደ ትንሽ ቴሌስኮፕ እንውሰድ። የፊት ስፋቱ 60፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር የዐይን ምስሪትና ሦስት እጥፍ ከሚያጎላ ባርሎ ምስሪት ጋር ተቀናጅቶ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ በካርቶኑ ላይ ይነበባል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ 700 ለ4 ሲካፈል 175፣ በ3 ሲባዛ 525 ይሆናል። ነገር ግን የመሣሪያው ወሰን 120 ስለሆነ የሚታየው የተወላገደ ጥላ ነው። ለዚህ ቴሌስኮፕ 28 ጊዜ የሚያጎላ የ25 ሚሊ ሜትርና 70 ጊዜ የሚያጎላ የ10 ሚሊ ሜትር ምስሪት በቂ ናቸው። ብዙ ልጆች ከሰማይ የሚርቁት በቴሌስኮፑ ትንሽነት ሳይሆን በዚያች የ4 ሚሊ ሜትር ምስሪት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፊት ስፋቱ 150፣ የትኩረት ርቀቱ 1,200 ሚሊ ሜትር ለሆነ መካከለኛ መስተዋታዊ ቴሌስኮፕ ደግሞ የ30 እና የ10 ሚሊ ሜትር ሁለት ምስሪቶችና አንድ እጥፍ አጉሊ ባርሎ ቢያዙ 40፣ 80፣ 120 እና 240 የማጉላት ደረጃዎች ይገኛሉ። በ10ሩ ፈንታ የ15 ሚሊ ሜትር ቢገዛ ግን ከባርሎው ጋር የሚሠራው የ30ው ምስሪት ያንኑ 80 ስለሚደግም ገንዘቡ ይባክናል። ዋናው ዐቅድ ሦስት ደረጃ ማሟላት ነው፤ ዝቅተኛው ለመፈለግና ለሰፊ ነገሮች፣ መካከለኛው ለአብዛኛው ምሽት፣ ከፍተኛው አየሩ ለሚረጋባቸው ጥቂት ሌሊቶች።

አንድ ክፍል ግን ከሳጥኑ ወጥቶ መጣል አለበት። ከአንዳንድ አሮጌና ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር በዐይን ምስሪቱ ላይ የሚጠመድ ጥቁር የፀሐይ መስተዋት ይመጣል። ይህ መስተዋት የፀሐይ ሙቀት በሚሰበሰብበት ቦታ ስለሚቀመጥ በድንገት ሊሰነጠቅ፣ ዐይንንም በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል። በጁን 21 ቀን 2020 በላሊበላ እንደታየው ያለ የፀሐይ ግርዶሽ የሚታየው በቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት፣ በሚገጠም ማጣሪያ ብቻ ነው።

የሳንጃ ሌሊት

ቁጥሮቹ በቦታው ሁኔታ መፈተን አለባቸው። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው የታች አርማጭሆዋ ሳንጃ ከሰሜን ኬክሮስ 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ከዚህ የተነሣ የሰሜን ኮከብ 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲታይ፣ በተቃራኒው አድማስ በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች የደቡብ መስቀል ይወጣል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ታላቅ የከዋክብት ክምችት ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ በአብዛኛው አውሮፓ ግን ከአድማስ በላይ አይወጣም። ጁፒተርም በአናት አቅራቢያ ስለሚያልፍ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር አጭር ነው።

ይሁንና ሳንጃ ቆላ ናት። ቀን የጋለው መሬት ከምሽት በኋላ ሙቀቱን ሲለቅ አየሩ ይናወጣል፤ በዚህ ሰዓት 240 ጊዜ የሚያጎላ ምስሪት የአየሩን ነውጥ ከማጉላት በቀር የሚጨምረው የለም። በምሽት ዝቅተኛውንና መካከለኛውን ይዞ መቆየት፣ ከፍተኛውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሞከር ይበጃል። የበጋው አቧራም ምስሪቶቹ በክዳናቸው እንዲቆዩ፣ ሲቆሽሹም በደረቅ ጨርቅ ከመታሸት ይልቅ መጀመሪያ አቧራቸው በንፋስ እንዲነሣ ግድ ይላል። ምስሪቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ይህን ሁሉ መጠበቅ ይቀላል።

እንግዲህ መደምደሚያው ግልጽ ነው። መራጩ አስቀድሞ ምን ማየት እንደሚፈልግ፣ ከየት ሆኖ እንደሚያይና መሣሪያው ምን ያህል እንደሚችል ይወስን። ይህን ከወሰነ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት የዐይን ምስሪቶች ከበቂ በላይ መሆናቸውን ራሱ ይደርስበታል፤ ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብም ለጽኑ ማቆሚያ ይዋል፤ የሚንቀጠቀጥ ቴሌስኮፕ ጥሩ ምስሪት አያድነውምና።