ላይቭ የገባች ለት

ስሙኝማ! የዱባይን ጁሜይራ ያየ ያውቀዋል፤ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላ ወገን አጥራቸው ከፍ ያለ ቪላዎች። ከአጥሩ ጀርባ በኮንትራት የሄዱ ልጆቻችን ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ፣ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። የአንዷን ላጫውታችሁ። አንዷ ብልም የደረሰባት የብዙዎቹ ነውና ስም አላወጣላትም።

ማዳም ስትተኛ ልጅት ክፍሏን ዘግታ ቲክቶክ ላይቭ ትገባለች። ትስቃለች፤ የናፈቃትን አማርኛ ትሰማለች። ስድቡም የመጣው በአማርኛ ነው (አረቡማ አማርኛ ከየት አምጥቶ!)። «አረብ አገር ምን ሠርተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» አላት አንዱ። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው ግን አልሰደባትም፤ አባበላት፤ በቪዲዮ ሲያወሩ ቀረጻት። ከዚያ «ብር ላኪ፤ አለዚያ ለወንድምሽ እልከዋለሁ» አለ። ላከች። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ ላከች። ለእናቷ ቤት ማሠሪያ ያጠራቀመችው አለቀ። ለማን ትናገር? እንቅልፍ አጣች፤ ወተቱ ገነፈለባት፤ ማዳም ጮኸችባት። አገሯ የመግቢያዋን ቀን ስትቆጥር የነበረች ልጅ መግባቱን ፈራችው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሚሠራበት የኤምሬቶች የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ቁጥር 34/2021፣ በኢንተርኔት ሰው የሰደበ ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ሊቀጣ፣ ሊታሰርም ይችላል። ክብር የሚነካ ነገር አወጣለሁ ብሎ አስፈራርቶ ገንዘብ የጠየቀ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይኸው ሕግ ግን ወደ እሷም ይዞራል፤ በንዴት ላይቭ ገብታ መልሳ ከሰደበች፣ የሰውየውንም ፎቶ ከለጠፈች፣ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። ከአሠሪዋ የጠፋች ከሆነች ደግሞ ፖሊስ ደጃፍ መድረሱ ራሱ ያስፈራታል። አስፈራሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እኔን ከስድቡ በላይ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እህቴ፣ ብር አትላኪ፤ መልሰሽም አትሳደቢ። መልእክቱን ሳታጠፊ ስክሪንሾት ያዢ። የዱባይ ፖሊስ እንዲህ ያለውን አቤቱታ በኢንተርኔት ይቀበላል፤ ስልኩ 901 ነው። አስፈራሪው አገር ቤት ቢሆንም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይጠየቃል። አንተም ወንድሟ፣ ያ ቪዲዮ የደረሰህ ቀን ለማንም ሳታሳይ መጀመሪያ ለእሷ ደውልላት።