የፍለጋ ማውጫን ሕግ ያበጁ ክርክሮች

የኢንተርኔት መፈለጊያ ሥራውን የሚጀምረው በመቅዳት ነው። ገጹን ካልቀዳ ቃላቱን ለቅሞ ማውጫ ማዘጋጀት አይችልም፤ የሰው ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ መቅዳት ደግሞ በቅጂ መብት ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ለዚህ ችግር የመጀመሪያውን መላ ያቀረበው ሕግ አውጪ አልነበረም፤ ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ማርቲን ኮስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994፣ ገጾችን የሚቀዱ ፕሮግራሞች (ሮቦቶች) ሰርቨሮችን በጥያቄ ብዛት ሲያጨናንቁ፣ የገጹ ባለቤት የት መግባት እንደሚቻልና እንደማይቻል የሚጽፍበት አነስተኛ ፋይል እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለው ይህ ፋይል በመተማመን ብቻ ሲሠራበት ኖሮ፣ መደበኛ የኢንተርኔት ደንብ ሆኖ የታተመው በ2022 ነው።

ፍርድ ቤቶችም መንገዱን የጠረጉት በየክርክሩ ነው። በ2003 አንድ ፎቶግራፍ አንሺ አሪባ ሶፍት የተባለውን የምስል መፈለጊያ በከሰሰበት ጉዳይ፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ምስሎችን አሳንሶ በፍለጋ ውጤት ማሳየት ያለባለመብቱ ፈቃድ የሚቻል ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው አለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በኔቫዳ የታየው የፊልድና የጉግል ክርክር ነው። ከሳሹ ጠበቃም ጸሐፊም ነበር። ጉግል የ51 ጽሑፎቹን ቅጂ በራሱ ሰርቨር ይዞ ለአንባቢ በማቅረቡ ለእያንዳንዱ 50,000፣ በድምሩ 2.55 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ሆኖም አንዲት አጭር ትእዛዝ በገጹ ላይ ቢጽፍ ቅጂው እንደማይቀርብ ያውቅ ነበር፤ አልጻፈም። ፍርድ ቤቱ በጥር 2006፣ መከልከል እየቻለ ዝም ማለቱን እንደ ፈቃድ ቆጥሮበት ለጉግል ፈረደ።

አውሮፓ ሌላ ጥያቄ ጨመረች። አንድ ስፔናዊ በ1998 በጋዜጣ የወጣ የዕዳ ጨረታ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር ብቅ እያለ አስቸገረው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በግንቦት 2014 ጋዜጣው ገጹን እንደያዘ ቢቆይም፣ መፈለጊያው ግን በስሙ ሲፈለግ ሊንኩን ከውጤቱ የማውጣት ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል ወሰነ። ማውጫ ራሱን የቻለ ኃላፊነት እንዳለበት በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

ክፍት ማውጫ ለሚገነቡ ይህ ከባድ ሸክም ነው። በ2007 የተመሠረተው ኮመን ክሮል የሰበሰበውን የድረ ገጽ ክምችት ለማንም በነጻ ይሰጣል፤ በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ኦፕን ዌብ ሰርች ደግሞ ሌሎች መፈለጊያ የሚሠሩበትን የጋራ ማውጫ ገንብቷል። የ2019 የኅብረቱ የቅጂ መብት መመሪያ ለምርምር ተቋማት ሰፋ ያለ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ለንግድ የሚሠራ ግን የባለመብቱን ክልከላ ማክበር አለበት። ተመራማሪው በሕጋዊ መንገድ የሰበሰበውን ነጋዴው ሲወስድ ፈቃዱ አብሮ አይተላለፍም። ጉግል አንድን ሊንክ ከራሱ ማውጫ ቢያወጣ ነገሩ ያበቃል፤ ክፍት ማውጫ ግን በብዙ እጅ ይገኛል። ስለዚህ ገንቢዎቹ የገጽ ባለቤቶችን ክልከላና እንዲወጡ የተወሰነባቸውን ሊንኮች መዝገብ ከመረጃው ጋር አብረው ማከፋፈል፣ ወሳጆቹም በየጊዜው እንዲያድሱት በውል ማስገደድ ይኖርባቸዋል።