«የዛሬ ልብስ ክረምት አያወጣም»፤ የልብስ ዕድሜ በሰሜን ጎንደር ደጋ ከሸማ እስከ ጅንስ

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ሽማግሌዎች ስለ ዘመኑ ልብስ ሲናገሩ አንድ ወቀሳ አይቀርም፤ ይኸውም «የዛሬ ልብስ ክረምት አያወጣም» የሚለው ነው። ወቀሳው ይበልጡን የሚያርፈው ወጣቱ ሁሉ በሚለብሰው በጅንስ ሱሪ ላይ ነው። ወጣቱ በበኩሉ ከጅንስ የጠነከረ ልብስ እንደሌለ ይናገራል፤ ለዚህም ነው ለቀን ሥራ፥ ለእርሻም፥ ለገበያም እርሱኑ የሚመርጠው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ከሁለቱ አባባል የትኛው እውነት እንደ ሆነ ከታሪክና ከጨርቁ አሠራር አንጻር መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለምርመራው መነሻ ያደረግነው ድብ ባሕርን ነው። ድብ ባሕር ከደባርቅ ወደ አድርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከሊማሊሞ ዳገት ግርጌ ትገኛለች። ከምጽዋ ተነሥቶ በዓድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት ይህን ዳገት መውጣት ነበረበት፤ እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። የመኪናው መንገድ የተሠራው በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1936–1941) ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የባሕር ማዶ ጨርቅ በዚህ ዳገት ላይ በጭነት ከብትና በሰው ጀርባ ያልፍ ነበር። ደግሞም ዳገቱ ራሱ የልብስ መፈተኛ ነው። ሊማሊሞን በእግሩ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በየእርምጃው ጉልበቱን ያጥፋል፤ ጭኑን ከጭኑ ያፋትጋል፤ በደከመውም ቦታ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

1. ያልተቈረጠው ልብስ

ከጥንት ጀምሮ የደጋው ሰው ልብስ የሴቶችና የሸማኔዎች የጋራ ሥራ ነበር። ጥጡ የሚመጣው ከቈላ ነው። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ለይተው፥ በደጋን ነድፈው፥ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔውም ድሩን አድርቶ፥ ማጉን በመወርወሪያ እያስገባ ይሠራዋል። በጎንደርና በአካባቢው ሽመና በይበልጥ በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ የነበረ ሥራ ነው። አገሩ ሁሉ እነርሱ የሠሩትን እየለበሰ ለሥራው የሚሰጠው ክብር ግን ዝቅተኛ ነበር።

ሸማ በራሱ ጠንካራ ጨርቅ ነው ማለት አይቻልም። ክሩ የእጅ ፈትል ስለ ሆነ ውፍረቱ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ሽመናውም አንድ በላይ አንድ በታች እያለ የሚሄድ ሲሆን ከፋብሪካው ጨርቅ ይልቅ ላላ ያለ ነው። እሾህ ቢይዘው ቶሎ ይቀደዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንድ ጋቢ ብዙ ክረምት ያሳልፍ ነበር። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛው ሸማ ያልተቈረጠና በልክ ያልተሰፋ መሆኑ ነው። ፊትና ኋላ፥ ጉልበትና ክርን የለውም። ዛሬ በትከሻ ላይ ያረፈው ወገን ነገ ከታች ይውላል፤ አለባበሱም እንደ ጊዜው ይለዋወጣል፤ ሴቶች በሐዘን ጊዜ የነጠላውን ጥለት ወደ ላይ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ስለዚህ ፍትጊያው በአንድ ሥፍራ ሳይከማች በጨርቁ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል።

ሁለተኛው መደረቡ ነው። ነጠላ ሁለት፥ ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ አንዱ ሲሳሳ ሌላው ይይዘዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን የቤቱ ሥርዓት ነው። አዲሱ ልብስ ለቤተ ክርስቲያንና ለዓመት በዓል ይቀመጣል፤ ሲያረጅ የዘወትር ይሆናል፤ ከዚያም የሌሊት መደረቢያ፥ ቀጥሎ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። የተረፈው ከሌላው ቅዳጅ ጋር ተጣጥፎ ድሪቶ ይወጣዋል፤ በመጨረሻም የጭነት ከብት ጀርባ እንዳይቈስል ከጭነት ሥር ይነጠፋል፤ ወይም የኩራዝ ክር ይሆናል። እንግዲህ ልብሱ የሚጣልበት ቀን አልነበረም፤ ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ይወርድ ነበር እንጂ። እረኛውና የቆሎ ተማሪው ደበሎ መልበሳቸውም ዝናቡንና እሾሁን ለቆዳው ትቶ ጥጡን ያሳርፈው ነበር።

ከዚህ ጋር የአጠባውን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ልብስ በየዕለቱ አይታጠብም ነበር፤ ሲታጠብም በወንዝ ዳር በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት በዚሁ ልማድ ምክንያት ነው።

2. አቡጀዲና የልብስ ሰፊው መኪና

የባሕር ማዶ ጨርቅ ለጎንደር አዲስ ነገር አልነበረም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከሕንድ አገር ከሱራት ሰማያዊ ጨርቅ ይመጣ ነበር፤ ክሩም እየተፈታ ለሸማ ጥለት ይውል ነበር። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የመጣው ያልነጣ የአሜሪካ ጥጥ፥ ማለት አቡጀዲ፥ ከዚህ የተለየ ነበር፤ ለጌጥ ሳይሆን ለብዙው ሰው ልብስ የመጣ ነውና። የአሜሪካው ቆንስል ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ በታኅሣሥ ወር 1903 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፥ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር።

ገዢው የአሜሪካውን ጨርቅ ለምን እንደ መረጠው ማወቅ ለጉዳያችን ይጠቅማል። በዚያ ዘመን አንዳንድ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ቀጭኑን ጨርቅ በስታርችና በሸክላ አፈር እያከበዱ ይሸጡት ነበር። ጨርቁ በገበያ ላይ ሲዳሰስ ወፍራም ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ግን ክብደቱ በውኃ ይሄዳል። በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች የአሜሪካው ጨርቅ የተመሰገነው እንዲህ ያለው ማታለያ ስለሚያንስበትና ከታጠበ በኋላም ስለሚጠና ነው። ይህም የሚያስረዳው ያ ገዢ ልብስን የሚመዝነው በመልኩ ሳይሆን በዕድሜው እንደ ነበረ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን በዋጋ የረከሰው የጃፓን ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ ያዘ።

ከአቡጀዲና ኋላም ከካኪ ጋር የልብስ ሰፊው መኪና ተስፋፋ። ሱሪ ከጥንትም ነበረ፤ ነገር ግን በላዩ ሸማው ይደረብበት ነበር። አሁን በልክ የተቈረጠው ሸሚዝና ሱሪ ዋናው ልብስ ሆነ። ጨርቁም ከዚያ ወዲህ የራሱ ጉልበት፥ የራሱ መቀመጫ፥ የራሱ ክርን አገኘ። ፍትጊያው በየቀኑ በዚያው ሥፍራ ላይ ያርፋል። የተቀረው ጨርቅ ደኅና ሳለ ሱሪው በጉልበቱ ያልቃል። በእኛ አስተያየት የልብስ ዕድሜ ታሪክ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው።

3. የጅንስ አሠራር

ጅንስም የተወለደው ይህንኑ ችግር ለመቋቋም ነው። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት በሬኖ ከተማ ይኖር የነበረው ልብስ ሰፊ ጄኮብ ዴቪስ፥ የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ እየተተረተረ ስላስቸገረ፥ በሚተረተረው ሥፍራ ላይ ትንንሽ የመዳብ ምስማር መታበት። ከነጋዴው ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖም በግንቦት 20 ቀን 1873 ለዚህ ፈጠራ የባለቤትነት መብት አገኘ። እንግዲህ ጅንስን ከሌላው የለየው መጀመሪያ የት እንደሚቀደድ ታውቆ የተጠናከረ ሱሪ መሆኑ ነው።

ጨርቁም የራሱ ብልሃት አለው። በጅንስ ሽመና ድሩ በሦስት ማግ ላይ አልፎ በአንዱ ሥር ይገባል፤ በሚቀጥለው ረድፍ አንድ ክር ስለሚገፋ በጨርቁ ላይ ሰያፍ መሥመር ይታያል። በዚህ አሠራር ክሮቹ ተጠጋግተው ስለሚታጨቁ ጨርቁ ወፍራምና ጽኑ ይሆናል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው። ድሩ በኢንዲጎ ሰማያዊ ይነከራል፤ ማጉ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኢንዲጎ ወደ ክሩ ልብ ዘልቆ ስለማይገባ፥ ልብሱ በተፋተገበት ሥፍራ ሁሉ ውስጡ ያለው ነጭ ይወጣል። ስለዚህ በጅንስ ላይ የሚታየው መንጣት የፍትጊያው መዝገብ ነው።

አንባቢው ይህን በዐይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል። በጉልበቱ የተቀደደ ጅንስ ላይ ወደ ጎን የተዘረጉ ነጫጭ ክሮች ይታያሉ፤ እነዚህ የተረፉት ማጎች ናቸው። በላይ የነበረው ሰማያዊ ድር ፍትጊያውን ሁሉ ተቀብሎ ቀድሞ ተበጥሷል።

4. ታዲያ ለምን ቶሎ ያልቃል?

ጨርቁ ከሸማው የጠነከረ ከሆነ፥ ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ምንድር ነው? መልሱ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ልብሱ ገዢው እጅ ሳይደርስ የሚያጣው ዕድሜ ነው። ፋብሪካዎች ጅንስ ያረጀና የለሰለሰ እንዲመስል በድንጋይ ወይም በኬሚካል ያጥቡታል፤ ይህም ክሩን ከወዲሁ ያደክመዋል። ተለጣጭ እንዲሆን የሚገባበት ኤላስታን የተባለው ክርም በሙቀትና በብዙ መሳብ ይላላል። ጨርቁ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ሰልባጅ ከሆነም ሌላ ሰው በሌላ አገር ከዕድሜው ከፊሉን ለብሶታል። በድብ ባሕር መንገድ ላይ የሚሠራ ወጣት የሚገዛው እንግዲህ ሙሉ ሱሪ ሳይሆን የሱሪ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ዱሮ በስታርች ተከብዶ ይሸጥ የነበረው ጨርቅና ዛሬ አስቀድሞ የተፋተገው ጨርቅ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሚሸጡት መልክን ነው፤ ዕድሜውን የሚከፍለው ገዢው ነው።

ሁለተኛው ከተገዛ በኋላ የሚወርድበት ሥራ ነው። አራት ሱሪ ያለው የከተማ ሰው እያንዳንዱን በዓመት ሰባ አምስት ቀን ቢለብስ፥ በአራት ዓመት ሦስት መቶ ቀን ለብሶታል ማለት ነው። አንድ ሱሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ግን ይህንኑ ሦስት መቶ ቀን በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል። ሁለቱ ሱሪዎች ያገለገሉት እኩል ነው፤ ሰው ግን «የእርሱ አራት ዓመት ቆየ፥ የእኔ ክረምት አላወጣም» ይላል። ስለዚህ የልብስ ዕድሜ በዓመት ሳይሆን በተለበሰበትና በታጠበበት ቀን ሊቈጠር ይገባል።

በዚህ ላይ ዳገቱ ጉልበቱንና የጭኑን መካከል ይፈጫል። ረዘም ያለው የእግሩ ጫፍ በጫማ ሥር እየተረገጠ በኮረት ይበላል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ኪስ ውስጥ ስለሚኖር ማዕዘኑ ጨርቁን ያሳሳዋል። ልብሱ በወንዝ ድንጋይ ላይ ሲታሽና በቡርሽ ሲፈገፈግም ክሩ ይላጫል፤ በደጋው ጠንካራ ፀሐይ ረጅም ሰዓት ሲሰጣ ደግሞ ጥጡ እየደከመ ይሄዳል። ሱሪው የሥራም፥ የበዓልም፥ የመንገድም ልብስ ስለ ሆነ እንደ ጋቢው የሚያርፍበት ቀን የለውም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ታየው ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ጅንስ ጠንካራ ነው ያለው ወጣት ስለ ጨርቁ እውነቱን ተናግሯል። ክረምት አያወጣም ያሉት ሽማግሌም ስለ አገልግሎቱ እውነቱን ተናግረዋል። የተረሳው ነገር ሸማው የቆየው በክሩ ብርታት ሳይሆን ፍትጊያው በጨርቁ ሁሉ፥ በብዙ ልብስና በብዙ ማዕረግ ስለሚከፋፈል መሆኑ ነው። ያን ሥርዓት የያዙት ደግሞ ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ነበሩ። ከቤተ እስራኤል ሸማኔዎች ብዙዎቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የእጅ ፈትልም በፋብሪካ ክር እየተተካ ነው።

ከጥናቱ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ጅንስ ሳይቀደድ፥ መንጣት ሲጀምር፥ በውስጥ በኩል መጣፊያ ቢገባበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ተገልብጦ በጥላ ቢሰጣ ይጠቀማል፤ ሁለት ሱሪ ተፈራርቀው ቢለበሱ ሁለቱም ያርፋሉ። በገበያ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ይህን ሥራ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ሆን ተብሎ የተቀደደ ጅንስ በውድ ዋጋ ሲሸጥ፥ በሥራ ተቀዶ የተጣፈ ሱሪ ለባለቤቱ ማፈሪያ ሆኗል። ድሪቶን የሠሩ እናቶች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደ ነበር ለመጠየቅ ጊዜው ገና አላለፈም፤ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ወደየአገራችን በዕረፍት ስንሄድ አንድ ጋቢ ስንት ክረምት እንዳወጣ፥ ከጋቢነት በኋላም ምን እንደ ሆነ ጠይቀን ብንጽፍ፥ በየትኛውም መዝገብ ያልገባ የቤት ታሪክ እናተርፋለን።